ያልታጠፈው መጠይቅ

የጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ አስከሬን የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ የክት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ አልጋቸው ላይ ነው። በሩ አጠገብ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ትራስ ተደርጎበታል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ሁለት ወንበር ምን ያደርግላቸዋል?

ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ ተናገረ። «የሞቱት ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ስኳራቸው ሰማይ ነክቷል፤ ኢንሱሊኑን ሙቀት አበላሽቶታል።»

ጎረቤት ሁሉ የተበላሸ ፍሪጃቸውን አላስጠገነም ብሎ አከራዩ ላይ ጣቱን ቀሰረ። መርማሪው ግን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚል ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «አቶ ለምን» ይሉታል። እሱም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለውም።

«ፍሪጁ መቼ ቆመ?» ሲል አከራዩን ጠየቀው።

«ወር ሊሞላው ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ...»

«ቤቱን ይልቀቁ ብለዋቸው ነበር?»

«ብያለሁ! ይሙቱልኝ ግን አላልኩም!»

ሹፌር የሆነው የሟቿ ልጅም ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «ካየኋት አራት ወር ሆኖኛል። በስልክ ሁልጊዜ ‹ደህና ነኝ› ነበር የምትለኝ።»

መርማሪው ትራሱን ሲያነሳ ከሥሩ አንድ ወረቀት አገኘ። «ሐሙስ ጠዋት፣ የስኳር ጥናቷ ልጅ» ይላል፤ ከታች ጥያቄዎች ተጽፈዋል። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ በቀጥታ የስኳር ሕመምተኞችን ቤት ለቤት መጠይቅ ወደሚያስሞላው የጥናት ቢሮ ሄደ። የሟቿ መጠይቅ ግን ማክሰኞ እንደተሞላ ተጽፎበት አገኘው።

«መቶ በመቶ ሞልተናል!» አለ አስተባባሪው ደረቱን ነፍቶ። ጠያቂዋ ወጣት ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ሰኞ ሁሉንም እዚያችው የሟቿ ጠባብ ክፍል ሰበሰባቸው። ወንበሮቹ ላይ ማንንም አላስቀመጠም።

«የፍሪጁን ሞተር አስመርምሬዋለሁ። በራሱ ነው የተቃጠለው፤ የነካው ሰው የለም። አከራዩ ቸልተኛ ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። መጠይቁ ግን ፍሪጁ ይሠራል፣ ልጃቸውም አብሯቸው ይኖራል ይላል።»

«እኔ?» አለ ሹፌሩ።

«ጥናቱ የሚሠራው የመድኃኒት አያያዝ ትምህርት ለማን እንደሚያስፈልግ ለመለየት ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ፍሪጅም የሌለው ሰው ቤት በዚያው ዕለት ነርስ ትሄዳለች፤ መድኃኒቱን በእርጥብ የሸክላ ዕቃ እንዴት እንደሚያቆይ ታስተምራለች። እኚህን ሴት ያ የውሸት መልስ ከዝርዝሩ አወጣቸው።»

ዓይን ሁሉ ወጣቷ ላይ አረፈ።

«እሷን አትዩ። ቦርሳዋ ትንሽ ናት፤ ይዛቸው የዞረቻቸው መጠይቆች ሁሉ ለሁለት ታጥፈዋል። ይሄ የእሳቸው ግን የእጥፋት ምልክት የለውም። ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው ሲወጣ ቢሮ የሚቀረው ማን ነው?»

የአስተባባሪው ፊት አመድ መሰለ። «ሪፖርቱ ረቡዕ መድረስ ነበረበት! የቀረችው አንዲት መጠይቅ ነበረች። አንድ ሰው ምን ይለውጣል ብዬ...»

«ሐሙስ እንድመጣ ተቀጣጥረን ነበር» አለች ወጣቷ እንባዋ እየወረደ። «እሱ ‹ተሞልቷል፣ አትልፊ› አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ቀረሁ።»

መርማሪው ወረቀቱን ሰጣት። «ለአንቺ የተጻፈ ነው። አንብቢው።»

«‹መድኃኒቱ ሲሞቅ ይበላሻል ወይ? ውኃ ውኃ የሚለኝ ለምንድን ነው?›» የመጨረሻውን ያነበበችው በሹክሹክታ ነው። «‹ልጄ፣ ሌላ ቀንም ትመጫለሽ?›»

ሹፌሩ ሄዶ ትራሱ ያለበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።