ከጽሑፉ በላይ የተጻፈ ስም

ዶክተር ልዑል ወልደሰማያት የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው። ኢንስፔክተር አፊፋ ስትደርስ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። አስከሬኑ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። ደም የለም፤ የግብግብ ምልክትም የለም። ፊቱ ግን ፀሐይ ላይ እንደዋለ ሰው ቀልቷል። አፊፋ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፋርማሲስቱ አብዱልፈታሕ። ግቢው የእሱ ነው። «ኢንናሊላሂ! ከፋርማሲዬ ስመለስ መብራት ቤቱ ውስጥ ይታያል፣ ሰው ግን አይናገርም። ገብቼ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ወዲያው እናንተ ጋ ደወልኩ።»

«የነካኸው ነገር አለ?»

«መነጽሩ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። እንዳልረግጠው አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ የለም።»

«ቤተሰብህስ?»

«ሰርቦ ከተማ ሠርግ ሄደዋል። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም።»

«የሰፈሩ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል አሉ።»

«በጄኔሬተር ነበር የሚሠራው። ያውና፣ ግቢው መሐል። ሁልጊዜም እዚያ ነው የሚነሣው።»

አፊፋ ወደ ግቢው ወጣች። ጄኔሬተሩ ሰማይ ሥር ተቀምጧል። በእጇ ብትዳስሰው ላዩ ደረቅ ነው። ገፋ አድርጋ ከሥሩ ያለውን መሬት አየች፤ ውኃ አቁሯል። ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ጠባብ ኮሪደር በቅርቡ ኖራ ተቀብቷል። ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላሸት ተለጥፏል። መሐረቧን አውጥታ ጠረግ አደረገችውና አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ለአብዱልፈታሕ ምንም አላለችውም።

ክፍሏ «ከጤና ጣቢያው ደጅ» የተባለው ብሎግ ቢሮ ናት። አራት የጤና ባለሙያዎች ናቸው ያቋቋሙት፦ ሟቹ ሐኪም ልዑል፣ ክፍሉንና ጄኔሬተሩን የሰጠው አብዱልፈታሕ፣ ሠላሳ ዓመት ያዋለዱት ሲስተር ጣይቱ፣ እና የሰርቦው ወጣት ጤና መኮንን አብነት። ለገጠር የጤና ሠራተኞች ብለው የጀመሩትን አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞችም ያነቡላቸው ነበር። ሰሞኑን አብነት ቡና ለቃሚዎችን ስለሚነድፍ እባብና ስለ መጀመሪያ እርዳታው ጽፎ፣ የጽሑፉ ባለቤት አዲስ አበባ በሚካሄድ የሙያ ጉባኤ ላይ እንዲናገር ግብዣ መጥቷል።

እሑድ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ለአፊፋ በአጭሩ ነገራት።

«ጭስ ነው። የሞተር ጭስ። ሽታው ሳይሰማው እንኳ ሰውን ያደክማል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ ይገድላል። የፊቱ መቅላትም ከዚያ ነው።»

«ቶሎ ነው የሚገድለው?»

«እንደ ክፍሉ ነው። መስኮትና በር ከተዘጋ... ቢሆንም ሰው ደርሶ ወደ አየር ቢያወጣው የሚተርፍበት ጊዜ ይኖራል።»

አፊፋ መጀመሪያ የሄደችው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ነው። የልዑል ሚስት ዮርዲ ከለቀስተኛው ተነጥላ ጓዳ ውስጥ አነጋገረቻት።

«ከምሳ በኋላ ደወለልኝ» አለች። «‹የእባቡን ጽሑፍ በስሜ አድርጌዋለሁ፣ ክፈቺና እዪው› አለኝ። የምሠራበት ሆቴል ውስጥ ከፍቼ አየሁት። ከላይ የእሱ ስም ነበር።»

«ጽሑፉ የአብነት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

ዮርዲ ወደ መሬት አየች። «አውቅ ነበር። ‹እኔ ባላቀናው ማን ያነበው ነበር› ይላል። ባሌ ነው፤ ምን ልበል? ሌሎቹ እንዳይነኩበትም ባለፈው ሳምንት የብሎጉን የይለፍ ቃል ቀይሮታል። እሱ ከከፈተው ኮምፒውተር በቀር ማንም መግባት አይችልም ነበር።»

አፊፋ ከለቅሶ ቤት ወጥታ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባች። ብሎጉን ከፈተች። የእባቡ ጽሑፍ አለ። ከላዩ የሰፈረው ስም ግን የልዑል አይደለም፤ የአብነት ነው። የተቀየረው ያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የቆዩትን ጽሑፎችም አንድ በአንድ እያየች ብዙ ቆየች።

አብነትን ፖሊስ ጣቢያ አስጠራችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ሰርቦ። ተረኛ ነበርኩ።»

«ከዶክተር ልዑል ጋር አልተገናኛችሁም?»

«ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እንዴት ይስማ።»

«የምን ጩኸት?»

አብነት ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

«ሰርቦ ሆነህ ቦሳ ኪቶ ያለ ጄኔሬተር ሰማህ?»

«መጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። «ልጣላው ነው የመጣሁት። ግቢው ክፍት ነው። መስኮቱን ደበደብኩ። መስተዋቱ ላብ ይዞት ደህና አያሳይም፤ ግን ቀና አለና እጁን አነሳብኝ። ሂድ ማለቱ ነው ብዬ ሰድቤው ሄድኩ።»

«ስምህን ማን መለሰልህ?»

«እሱ ነዋ። ማታ ሳየው ተጸጽቶ ነው ብዬ... መልእክት ላኩለት።»

መልእክቱን አፊፋ ከሟቹ ስልክ አስቀድማ አይታዋለች። «አመሰግናለሁ ዶክተር። ለሁሉም ይቅርታ» ይላል። ሲላክ ልዑል ሆስፒታል ሬሳ ክፍል ነበር።

«ከሌሎቹ ጋርስ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ማንን ያላስቀየመው አለ? አብዱልፈታሕን ከመሥራቾቹ ስም አውጥቶ ‹ቦታ በመስጠት የተባበረ› ብሎ ጻፈው። ሲስተር ጣይቱን ደግሞ... ባለፈው ስብሰባ እየተናገሩ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ‹ሲጨርሱ ቀስቅሱኝ› አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።»

ሲስተር ጣይቱን አፊፋ ቤታቸው ሄዳ ነው ያነጋገረቻቸው። ግንባራቸውን በሻሽ ጠበቅ አድርገው አስረዋል።

«አሞዎት ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልጄ። ምን ይደረግ፣ ኀዘን ነው።»

«ትናንት ከቤት አልወጡም?»

«ማሎ፣ በዚያ ዝናብ ወዴት እወጣለሁ?»

«ከዶክተር ልዑል ጋር ቅሬታ ነበራችሁ ይባላል።»

«የማዋለድን ሀ ሁ ያስቆጠርኳቸው ሐኪሞች አሉ» አሉ ጣይቱ። «እሱ ግን እኔ የጻፍኩት ሥር ‹ነርስ የጻፈውን ሐኪም ማረም ግዴታው ነው› ብሎ ለሕዝብ አስነበበ። አስቢው እንግዲህ። ቢሆንም ሞቱን አልመኝም። መነጽሩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሕፃን ተደፍቶ... እንዲህ ሆኖ መቅረት ለማንም አይገባም።»

አፊፋ ለአፍታ አየቻቸው። «እግዜር ያጽናዎት» ብላ ተነሳች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቦሳ ኪቶ፣ እዚያችው ክፍል ጠራቻቸው። ዮርዲ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አብዱልፈታሕ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሲስተር ጣይቱና አብነት አንድ አግዳሚ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ልዑል የሞተበት ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም።

«ዶክተር ልዑልን የገደለው የጄኔሬተር ጭስ ነው» ብላ ጀመረች አፊፋ። «ጄኔሬተሩን ያገኘሁት ግን ግቢ መሐል ነው። እዚያ ሆኖ ሰው አይገድልም። ታዲያ ሲዘንብ የዋለበት ጄኔሬተር ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ያለው መሬት ግን ውኃ ያቆረ ነበር። እዚያ የተቀመጠው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሲሠራ የዋለው ኮሪደሩ ውስጥ ነው፤ ጥላሸቱ ኖራው ላይ አለ። አብዱልፈታሕ፣ ሁልጊዜም ግቢው መሐል ነው ብለህ ዋሽተኸኛል፤ ያስገባኸው አንተ ነህ። ካገኘኸው በኋላም መጀመሪያ ጄኔሬተሩን ጎትተህ አወጣህ፤ ከዚያ ነው እኛ ጋ የደወልከው።»

አብዱልፈታሕ ከግድግዳው ተላቀቀ። ዮርዲን ሊያያት ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ።

«ወላሂ እንዲሞት አልነበረም» አለ። «ሲዘንብ ጣራው ሥር አስጠጋው አለኝ። እንደ ዘበኛ ነው የሚያዘኝ። ንብረቱ የእኔ ነው፣ ለእሱ ብዬ ዝናብ አላስመታውም ብዬ ኮሪደሩ ውስጥ ከተትኩትና የውጭውን በር ዘጋሁት። ጩኸቱ ሲበዛበት ሥራውን ትቶ ይሄዳል ብዬ ነው።»

«ፋርማሲስት ነህ። ጭሱን አታውቀውም?»

«አውቃለሁ» አለ አብዱልፈታሕ። «አስተግፊሩላህ። አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ፋርማሲው ውስጥ ሆኜም ትዝ ብሎኝ ነበር። ተመልሼ በሩን ብከፍትለት የተሸነፍኩ መሰለኝ።»

ዮርዲ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«አብነት መስኮቱን ሲደበድብ ልዑል እጁን አንስቷል» አለች አፊፋ። «በሕይወት ነበር። እጁን ያነሳው ምን ለማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ገብቷል። የይለፍ ቃሉ ስለተቀየረ የጽሑፉን ስም መለወጥ የሚቻለው ከዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው። አብነት አይደለም፤ የራሱን ስም የጻፈ ሰው ማታ ለሌላ ሰው የምስጋና መልእክት አይልክም።»

«ልዑል ራሱ ቢሆንስ?» አለች ዮርዲ። ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበር።

«እኔም እንደዚያ ቢሆን በወደድኩ። ግን የብሎጉን የቆዩ ጽሑፎች አይቻለሁ። ከስም በፊት ‹ጸሐፊ› የምትል ቃል ትገባለች። ባለቤትሽ ሁልጊዜ የሚጽፋት በ‹ሃ› ነው፤ ‹ጸሃፊ› ብሎ። አብነት በፀሐዩ ‹ፀ› ይጀምራታል። አብዱልፈታሕ ከነጭራሹ አይጽፋትም፤ ‹በ› ብሎ ስሙን ያስከትላል። በጸሎቱ ‹ጸ› ጀምሮ በሐመሩ ‹ሐ› የሚጽፋት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ የገባችውም እንደዚያ ተጽፋ ነው።»

ማንም ወደ ሲስተር ጣይቱ አልዞረም። አብነት ግን ከአግዳሚው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ፊደል ብቻውን አያሳስረኝም» አሉ ጣይቱ።

«አያሳስርዎትም። ነገር ግን መነጽሩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ነገሩኝ። አብዱልፈታሕ ሲያገኘው መነጽሩ ወለል ላይ ነው። ተንጠልጥሎ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያዩትም ከእሱ በፊት ነው። ራስዎን የሚፈልጥዎትም ኮሪደሩ ውስጥ የተነፈሱት ነገር ይመስለኛል።»

ውጭ ጠብታ ከቆርቆሮው ይንጠባጠብ ነበር። ሲስተር ጣይቱ ሻሻቸውን ከግንባራቸው ፈቱት።

«ለመነጋገር ነው የመጣሁት» አሉ። «የዚህን ልጅ ጽሑፍ በስሙ አወጣው ሲሉኝ አላስቻለኝም። ስገባ ተደፍቷል። ‹ዶክተር› አልኩት። ዝም። ደግሜ ጠራሁት። ያን የስብሰባውን ቀን አስታወስኩና እንደገና ሊስቅብኝ ነው አልኩ። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። በክርኑ አጠገብ እጄን አሳልፌ ስሙ ያለበትን መስመር አጠፋሁና ‹ጸሐፊ› ብዬ የአብነትን ጻፍኩ። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ቶሎ ወጣሁ። ዝናቡ እንዳይገባም በሩን... መልሼ ዘጋሁት።»

«ለእኔ ብለው ነው?» አለ አብነት፣ እንደ ሕፃን።

ጣይቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአንተ ብዬ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሲነሳ ስሙን አጥቶ እንዲደነግጥ ነበር የፈለግሁት። ፊቱን ለማየት እንኳ ብመለስ አሰኝቶኝ ነበር።»

ዮርዲ ተነስታ ፊታቸው ቆመች። አልጮኸችም።

«ያን ጊዜ በሕይወት ነበር?»

አፊፋ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ጣይቱ ቀደሟት።

«ነበር። መነጽሩ ከጆሮው ወርዶ ወለል ላይ የወደቀው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንገቱን አዙሯል ማለት ነው።» በአንድ እጃቸው የሌላውን አንጓ ያዙ። «እጁን ብይዘው ኖሮ ትርታውን አገኘው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የሰውየውን እጅ ያዙ እያልኩ ነው ያስተማርኩት። በሩን ከፍቼ ወደ ዝናቡ ብጎትተው ይተርፍ ነበር።»

ዮርዲ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ግቢው በር ድረስ የእግሯ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሊሸኛት የደፈረ የለም።

አብዱልፈታሕን ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ፖሊስ ይዞት ሄደ። አብነት ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አፊፋ ስትጠይቀው ወደ ጉባኤው እንደማይሄድ ብቻ ተናገረ።

ሲስተር ጣይቱ ከአግዳሚው አልተነሱም።

«እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?»

«የሰጡኝን ቃል ለዓቃቤ ሕግ አቀርባለሁ» አለች አፊፋ። «የሚከስዎት አንቀጽ መኖሩን እሱ ያየዋል።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ወደ ሥራዎም ይመለሳሉ።»

ጣይቱ የተፈታውን ሻሽ በእጃቸው ላይ ጠቀለሉት።

«የፈራሁት መመለሱን ነው» አሉ።