ሳሬም የመለሰው ዘፈን

በሐዛብር ምድር ዝናቡ ሳያባራ፣ ደመናው ከተራራው ራስ ሳይነሣ፣ ነጭ ውሃ የተባለው ታላቁ ወንዝ በሦስት ቀን ውስጥ ከሰው ደረት ወደ ሰው ቁርጭምጭሚት ወረደ። እንዲህ ያለ ምልክት ከአባቶች ዘመን ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም። ዓሦች በገበያው ደረጃ ላይ እየተንፈራገጡ ሞቱ። እንስራ የያዙ ሴቶች በጭቃው ዳር ቆመው የሚቀዳ ነገር ሲያጡ እርስ በርስ ተያዩ። የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰባት ሆነው ወደ ግንቡ ወጡ፤ ሲወርዱም ሰባት ዓይነት ትርጉም ይዘው ወረዱ። ንጉሥ ኤልዛብር ሰባቱንም አባረራቸው።

ስምንተኛው ትርጉም ከአንድ ዘፋኝ አፍ ወጣ። አገር ያቃጠለው እሱ ነው።

ሳሬም ይባላል። በሃያ አራት ዓመቱ ከንጉሡ ይልቅ የታወቀ ነበር። የሐዛብር ሰው ሲያገባ በሳሬም ዘፈን ይጨፍራል፤ ሲሞትበት በሳሬም ዘፈን ያለቅሳል፤ ልጁ አልተኛ ሲለው የሳሬምን እሹሩሩ ያንጎራጉራል። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ስለሞቱበት ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ቶራን ነው፤ ጀልባ እየቀዘፈ፣ ሰውና ፍየል እያሻገረ። ሳሬም ከገነነ በኋላ ሰዉ የማይጠይቀው ነገር አልነበረም። ጥርስ ሲያም ምን ይሻላል? በቅሎ የሚገዛው በየትኛው ወር ነው? ከጎረቤታችን ከማሕሌብ ንግሥት ጋር እንዴት እንሁን? ሳሬም ሁሉንም ይመልስ ነበር። መመለስ ደስ ይለው ነበር።

በንግሥ በዓል ቀን የንጉሡ አጋፋሪ መዝጋን ከመድረኩ ጀርባ ጠጋ አለው።

«ንጉሡ አዋጅ ሲያስነግር ገበሬው ‹እሺ› ይልና ወደ እርሻው ይመለሳል» አለ። «አንተ ሁለት ስንኝ ብትል ግን ድንጋዩም ይነሣል። ወንዙን ማሕሌቦች ገድበውታል ይባላል። እስቲ በልልን።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ የነጭ ውሃን ምንጭ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

«ማን አይቶታል ብለህ ነው?» አለ አጋፋሪው እየሳቀ።

ሳሬም ወደ መድረኩ ወጣ። ሠላሳ ሺህ ሰው ስሙን ጠራ። ከፊት የቆመ አንድ ቆዳ ፋቂ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ «ሳሬም! ስለ ወንዙ ምን ትላለህ?» ሲል ጮኸ፤ አደባባዩ ሁሉ ጸጥ አለ። ትክክለኛው መልስ አንድ ቃል እንደሆነ ሳሬም ያውቅ ነበር፤ አላውቅም። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ ያ ቃል አነሰበት። አፈረበት። ክራሩን መታና እንዲህ አለ፦

«ውሃችን ታሰረ በባዕድ ሰው ገመድ፣
ምን ትጠብቃለህ ተነሳና ንጎድ!»

ሠላሳ ሺህ ሰው ተቀበለው።

በማግስቱ ሳሬም ቶራንን ጀልባውን ገልብጦ ጦር ሲስል አገኘው።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ እንኳ ቅር። የሦስት ዓመት ልጅ አለችህ።»

«ወንዝ ከሌለ ጀልባ ምን ያደርግልኛል?» አለ ቶራን። ቀና ብሎ ግንባሩን ሳመው። «ንጉሡ ቢለኝ አልሄድም ነበር፤ አውቀዋለሁ። አንተ ስላልከው ነው። አንተ ዋሽተኸኝ አታውቅም።»

ሳሬም ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም።

ጦሩ ነጎደ። በማሕሌብም ሊዋም የምትባል ዝነኛ ዘፋኝ ነበረች፤ የሳሬም ስንኝ ድንበር ተሻግሮ ሲደርሳት ደሟ ፈልቶ መለሰች፦

«ጠማኝ ካለ ይምጣ ጎረቤት ይጠጣ፣
የገዛ ደሙን ነው በሰይፍ የምናጠጣ!»

ሁለቱ ጦሮች ነጭ ውሃ ከሚወርድበት ታላቅ ገደል በታች ባለው ሜዳ ላይ ተገናኙ። አራት ወር ተዋጉ፤ ዘጠኝ ሺህ ሰው አለቀ።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ስንቅ ጫኝ የነበረ ደንገዞ የሚባል ጎልማሳ፣ ጆሮው በቀስት የተበሳ፣ ምላሱ ግን ደህና የሆነ ሰው፣ የሳሬምን በር አንኳኳ። ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ነህ ሳሬም? በአካል ሲያዩህ ታጥራለህ።»

«ምን ፈለጉ ጋሼ?»

«ወንድምህ መልእክት አስይዞ ልኮኛል። ቃል በቃል ንገረው ስላለኝ ቃል በቃል ስማ። ‹ወንዙ ዳር አራት ወር ተቀመጥኩ። የታሰረ ነገር አላየሁም። አይተህ ነው የተናገርከው?› ይልሃል።»

ሳሬም በሩን እንደያዘ «እሄዳለሁ፤ ተሳስቻለሁ እላቸዋለሁ» አለ።

«ማን ሊሰማህ? ንጉሡ ራሱ እርቅ ካወጀ ወር ሆነው፤ እሱንም አልሰሙትም። ጠዋት ጠዋት ያንተ ዘፈን ከገደሉ ይመለስባቸዋል፤ የሊዋምም ይከተላል። በሰማው ቁጥር የቆሰለው ይነሣል፣ የፈራው ይሮጣል። የገደል ማሚቶ ይዛዋለች። እሷ ካልለቀቀችው ሁሉም እስኪያልቅ አያቆሙም።»

የገደል ማሚቶን በሐዛብር የማይፈራት የለም። ሰው በተራራ ላይ የጮኸውንና የዘፈነውን ሁሉ ሰብስባ የምትኖር፣ ከነገሥታት በፊት የነበረች ፍጡር ናት። ወደ እሷ ሄዶ የተመለሰ ሰው ስም አይታወቅም።

ሳሬም ክራሩን ከግድግዳው አወረደና በደጃፉ ድንጋይ ላይ ሰበረው።

«በእናቴ አፈር፣ በአባቴ አፈር፣ በበላሁት በጠጣሁት እምላለሁ! ያን ዘፈን ከገደሉ ሳልነቅል፣ ወንድሜን በሕይወት ሳላወጣ፣ ፊቴን ወደዚህች ከተማ አልመልስም!»

«ክራሩን ባትሰብረው ሸጠን ስንቅ እንገዛበት ነበር» አለ ደንገዞ። ግን በቅሎዋን ሊጭን ሄደ።

አሥራ ሁለት ቀን ተጓዙ። ምድሪቱ እየተራቆተች፣ ዛፎቹ እየጠወለጉ፣ መንደሮቹ ወንድ አልባ እየሆኑ ሄዱ። በየደረሱበት ሴቶች ሳሬምን ሲያውቁት እየሮጡ እጁን ይስሙ ነበር፤ «ባሎቻችንን የላክልን ጀግና!» ይሉታል። ደንገዞ ሦስት ጊዜ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ሦስት ጊዜ ተወው።

ከገደሉ አፍ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ አገኙ። ራሷን ተላጭታለች፤ በማሕሌብ ባሏ የሞተባት እንዲህ ታደርጋለች። ሳሬምን ስታየው ተነሣች።

«ሥዕልህን በእንስራ ላይ አይቼዋለሁ» አለችው። «እኔ ሊዋም ነኝ፤ የኔንም ዘፈን ልነቅል ነው የመጣሁት። አንተ ጀመርከው።»

«አንቺ አባባስሽው።»

«እናንተ ሁለታችሁ» አለ ደንገዞ፣ «እዚህ ደግሞ ተሟገቱና ሦስተኛ ዘፈን አውጡልን።»

ከዚያ በኋላ መናገር አይቻልም ነበር። በገደሉ ውስጥ የባልጩት አሞሮች ይኖራሉ። ክንፋቸው እንደ ተሰነጠቀ ድንጋይ የሰላ፣ ዓይን ያልፈጠረባቸው፣ በድምፅ ብቻ የሚያድኑ አውሬዎች ናቸው። ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው፣ የበቅሎዋን ልጓም ፈትተው ለቀዋት፣ እየዳበሱ ገቡ። ግማሽ መንገድ እንደሄዱ ከሊዋም እግር ሥር አንድ ጠጠር ተንከባለለ። ሰማዩ ጠቆረ። አሞሮቹ ክንፋቸውን እያፋጩ ወረዱ።

ደንገዞ ሳሬምን አየው። እጁን ጨበጥ አደረገው። ከዚያ ወደ ጎን፣ ወደ ሌላው ቋጥኝ እየሮጠ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ የሳሬምን የሠርግ ዘፈን አቀለጠው። ዜማውን ገደለው። ስንኙን አሳሳተው። «አንቺ የማር እሸት» የሚለውን «አንቺ የበቅሎ እሸት» አለው፤ ሆን ብሎም ይሁን ሳያውቅ ማንም አያውቅም። አሞሮቹ በሙሉ ወደ እሱ ዞሩ። ሳሬምና ሊዋም አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው፣ እያለቀሱ፣ ሮጡ። ዘፈኑ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተቆረጠ።

በገደሉ ራስ ላይ ሲደርሱ እውነቱን አዩት። ግድብ የለም። ገመድ የለም። ከተራራው የወረደ ናዳ ከነዛፉ፣ ከነሥሩ፣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት እንደለበሰ ወንዙን ወደ ጎን አዙሮት ውሃው በረሃ ውስጥ ይሰምጥ ነበር። የሰው እጅ አልነካውም።

«መቶ ሰው በአካፋ» አለች ሊዋም ቀስ ብላ። «አንድ ሳምንት።»

ሳሬም ናዳው ላይ ተቀመጠ። የአንዱን ዛፍ ሥር በእጁ ዳሰሰ።

ያን ጊዜ ከተራራው ልብ የገደል ማሚቶ ተናገረች። መልክ አልነበራትም። ቃሏ ሁሉ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ አንዱን ቃል ሽማግሌ ይለዋል፣ ቀጣዩን ሙሽራ፣ ሦስተኛውን ጎርፍ የወሰደው ከብት ነጋዴ።

«ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«እመቤቴ፣ አንድ ዘፈን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ ሳሬም ተንበርክኮ። «የኔው ነው። ሳላውቅ የዘፈንኩት ነው። ከፈለግሽ ድምፄን ውሰጂ፤ ነፍሴንም ውሰጂ።»

«ድምፅህን ምን አደርገዋለሁ? የሁሉም ድምፅ አለኝ። ዘፈን ግን እንደ ሽመና ነው፤ አንዱን ክር ስትስበው ሌላው ይተረተራል። ያን አንዱን ከሰው ልብ ስመዝዘው የዘፈንከው ሁሉ አብሮ ይወጣል። የሠርጉም፣ የለቅሶውም፣ የሕፃናቱም። ከሁለታችሁ በቀር ዘፋኞች መሆናችሁን የሚያስታውስ አይኖርም። ዳግመኛም ብትዘፍኑ ጆሮ አይይዘውም። ስማ፤ ሳታውቅ በተናገርክ ጊዜ ሠላሳ ሺህ ሰው ሰምቶሃል። ከዛሬ ወዲያ አውቀህ ብትናገር አንድ ሰው አይሰማህም። ትመርጣለህ?»

ሳሬም ወደ ሊዋም ዞረ። እሷ ቀድማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምዘዢው» አለ።

መዘዘችው። ሳሬም ሰባ ሁለት ዘፈኖቹ አንድ በአንድ ከዓለም ሲወጡ ሰማቸው። የሙሽሮቹ እልልታ ጠፋ። የእናቶቹ እሹሩሩ ጠፋ፤ ለወንድሙ ልጅ ብቻ የሠራው፣ በአደባባይ ያልዘፈነው እንኳ ጠፋ። በመጨረሻ ከገደሉ ሥር አንድ የተሰባበረ ዜማ መጣ፤ የበቅሎ እሸት የሚለው። ሳሬም «እሱን ተይልኝ! እሱን ብቻ!» ብሎ ጮኸ። እሱም ወጣ።

ከታች በሜዳው ላይ የተነሣ ሰይፍ ሁሉ በአየር ላይ ቆመ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ የሐዛብር ወታደር ከፊቱ የቆመውን ማሕሌባዊ «ለምንድን ነው የመጣነው?» አለው፤ ያም «እኔንጃ» አለ። የምሥራች የሚሏት እንዲህ ያለችዋ ናት። ዘፈኖቹ ከገደሉ ሲወጡ አሞሮቹም ጥለውት በረሩ፤ ሊዋምና ሳሬም ወርደው ናዳውን አሳዩአቸው፤ ማን እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም፤ እረኞች መሰሏቸው። ሁለቱ ጦሮች ጋሻቸውን እንደ አካፋ ይዘው ስድስት ቀን ቆፈሩ። በሰባተኛው ነጭ ውሃ እያገሳ ወረደ።

ሲለያዩ ሊዋም «ከማዶ የሚያውቅህ አንድ ሰው አለ» አለችው። 

ሳሬም ቶራንን ከቁስለኞቹ መካከል አገኘው። ቀኝ እጁ ከክንዱ በታች የለም። ሳሬም ተንደርድሮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ቶራን ግን በቀስታ አላቀቀው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው። «አራት ወር ስንታረድ የት ነበርክ? የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሲዘምት የኔ ወንድም ቤት ተቀመጠ፤ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ምን እንደምላቸው አጣሁ።»

«ወንድም ጋሼ…»

«ተወው። ሁሉም ሰው ደፋር ሆኖ አይፈጠርም።»

ዓመት አለፈ። ወንዙ ሞልቷል፤ ቶራን ግን በአንድ እጅ መቅዘፍ አልቻለም፤ ጀልባውን ሳሬም ይቀዝፋል። ዘጠኝ ሺህ መቃብር አለ፤ ለምን እንደተቆፈረ የሚያስታውስ የለም። ሞት ደግሞ ያለ ምክንያት አይዋጥም፤ ሰዉ የሚረግመው ፈለገ።

በንግሥ በዓል ቀን ፍናን የሚባል አዲስ ዘፋኝ፣ መልከ ቀና፣ አገር ያበደለት፣ ወደ መድረኩ ወጣ። አጋፋሪ መዝጋን ከኋላው ቆሞ ፈገግ ብሏል። ፍናን ክራሩን መታና ናዳውን ሌሊት በዶማ የናዱት ማሕሌቦች ናቸው፣ የሞቱት ልጆቻችን ደም ይጮኻል ብሎ ዘፈነ። አደባባዩ ተናወጠ።

«ሐሰት ነው!» ብሎ ጮኸ ሳሬም ከሕዝቡ መሐል። «እዚያ ነበርኩ! ናዳው ላይ ተቀምጫለሁ! ሥሩን በእጄ ነክቼዋለሁ፣ የሰው እጅ አልነካውም! ሰው ልካችሁ እዩ፤ እባካችሁ ሳታዩ አትነሡ!»

ሰዎች ዞር ዞር አሉ። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ አንዱ። «ጀልባ ቀዛፊው ነው» አለ ሌላው፤ ሳቁ። ሳሬም ሊመልስ ፈለገ፤ ስሙ ግን ከእንግዲህ ለማንም ምንም አይነግርም ነበር።

በግራ እጅ ትከሻውን የያዘው ቶራን ነበር።

«ይቅር በሉት ወገኖቼ፣ ወንድሜ ነው» አለ አፍሮ። «አልዘመተም። ስለማያውቀው ነገር ነው የሚናገረው።»

«ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን! እኔን ስማኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስማኝ!»

ቶራን አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘኔታ እንጂ።

«እኔ በግራ እጄ ጦር መያዝ ለምጃለሁ» አለው። «አንተ እዚሁ ሁንና ልጄን ጠብቅልኝ።»

ከዚያም ፊቱን ወደ መድረኩ መልሶ ከሕዝቡ ጋር ዘፈኑን ተቀበለ።