ያልቆሸሸው ቀሚስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለካ፣ ስቆርጥና ስተኩስ ስለኖርኩ ጠብታ ያረፈበት ጨርቅ ሳይ ዓይኔን ይቆረቁረኛል። ይህን የምነግራችሁ ልጄን ያጣሁት ከዚሁ ጠባዬ የተነሣ ስለሆነ ነው። ልጅ ይዛችሁ ሩቅ መንገድ የምትሄዱ ሁሉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ልጃችን አራት ዓመቷ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ፌንጣ እንላት ነበር። ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች፣ "አባዬ፣ ይሄ የማን እጅጌ ነው?" ትለኛለች። መልሱን ሳትሰማ ሌላ ትጠይቃለች።

እናቴ የምትኖረው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ፌንጣን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ልንሄድ ስንወስን የደንበኞቼን ሥራ ትቼ ሦስት ቀን ቁጭ አልኩና ነጭ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ደረቱ ላይ ስድስት ቀጫጭን ሽንሽን፣ ከኋላ የሚታሰር ሰፊ ጥብጣብ። እናቴ ፌንጣን ለመጀመሪያ ጊዜ እንድታያት የፈለግኩት በዚያ ቀሚስ ነበር።

በዋዜማው ፌንጣን ተቅማጥ ያዛት።

"ለሌላ ሳምንት እናዙረው" አለች ባለቤቴ፣ የፌንጣን የዘጠኝ ወር ወንድም እያጠባች።

"ሆድ ነው፣ ያልፋል። ብቻ ውኃ አትስጫት፤ የሚያባብሰው እሱ ነው። አውቶቡሱ እንደሆነ አይቆምም፤ ቀሚሷ ላይ ብትለቀውስ?" አልኳት።

በእኛ ሰፈር ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከማታው ጀምሮ ውኃ ይከለክላል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ደግሞ ትክክል ይመስላል።

ጠዋት ተሳፍረን ስናበቃ ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞረ። "ስሙኝ እንግዲህ! አውቶቡሱ የእኔ ነው፤ ፊኛው የየራሳችሁ ነው። ምሳ ቦታ ሳልደርስ ፍሬን አልይዝም!" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መጀመሪያ ፌንጣ ዘፈነች፤ የፊታችንን ወንበር በእግሯ ደበደበች። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ከዚያ አስመለሳት። በአንድ እጄ ፌስታሉን ደገንኩ፣ በሌላው ቀሚሷን ሰበሰብኩ። አንዲት ጠብታ አልነካውም። ጎበዝ አባት የሆንኩ መሰለኝ።

"አባዬ፣ ውኃ።"

"አያትሽ ጋ ስንደርስ ትጠጫለሽ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ትንሽዬ። በክዳኑ።"

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ከንፈሯን እየው!" አለች ባለቤቴ። "ስጣት ባክህ።"

"ቢያስመልሳት ማን ሊያጥባት ነው? አንቺ እንደሆነ ሕፃን ታቅፈሻል።"

ከኋላችን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ተቀምጠው ነበር። ጠርሙሳቸውን በትከሻዬ በኩል አቀበሉኝ።

"ንጹሕ ነው ልጄ፤ አጠጣት።"

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ትተፋዋለች።"

"ትትፋዋ! ስትተፋው ቆየት ብለህ ደግመህ ትሰጣታለህ፣ በትንሽ በትንሹ። ውኃ የሚያስፈልጋት እኮ ስላመማት ነው።"

ከጎኔ የተቀመጠ ባለ ኮት ሰውዬ ጣልቃ ገባ። "እማማ፣ አባቷ እያለ እርስዎን ምን አገባዎት? ልጅ እንዲህ ሲሞላቀቅ ነው የሚበላሸው።"

ጠርሙሱን መለስኩላቸው።

ምሳ ቦታ ስንደርስ ፌንጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። "አትቀስቅሷት፤ እንቅልፍ ይሻላታል" አልኩ። ጉዞው ሲቀጥልም አልነቃችም። ባለ ኮቱ አያትና፣ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! የእኔዎቹ ቢሆኑ ይሄኔ ጣሪያውን ቀደውት ነበር" አለ። ደስ አለኝ። አንድ ደቂቃ አርፋ መቀመጥ የማትችለው ፌንጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣቷን አላንቀሳቀሰችም፤ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ።

አዋላጇ ግን ተነሥተው የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረጉ፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት። እንደተቆነጠጠ ቀረ።

"ሾፌር! ይቺ ልጅ አልተኛችም፤ ራሷን ስታለች! ሐኪም ቤት!"

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየን። ከነተሳፋሪው ቀጥታ ወደ መጀመሪያው ጤና ጣቢያ በር ነዳው።

"መጨረሻ የሸናችው መቼ ነው?" አለኝ ሐኪሙ። አላውቅም ነበር። ቀሚሷ አለመርጠቡን ብቻ ነበር የማውቀው። ከሰውነቷ ውኃ ማለቁን ነገረኝ፤ መርፌ የሚያስገባበት ደም ሥር እየፈለገ ሳለ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ነርሷ ቀሚሱን አጥፋ ሰጠችኝ። አንዲት ጠብታ አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እናቴ አርጅታለች፤ ወንድ የልጅ ልጇን ሳታይ እንዳትሞት ትለምነን ነበር። ባለቤቴ፣ "ከፈለግህ ብቻህን ሂድ። ይሄን ደግሞ አልሰጥህም" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን መመላለስ ያላቋረጡት አዋላጅ ናቸው በመጨረሻ ያግባቧት። "መንገድ ልጅ አይገድልም፤ የሚገድለው ግትርነት ነው። እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ" አሏት።

ልጁ ጉንፋን ስለያዘው አንድ ሳምንት ቆየን። እስኪሻለው ድረስ ትኬት አልቆረጥንም። ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ተነሣን። ያረጀ ሱሪውን አለበስኩት፤ ቅያሪ ያዝን፤ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ውኃ፣ ሆድ የማይከብድ ምግብ። እኔ ደግሞ አንድ ከረጢት ሰፍቼ አዝራር፣ ዚፕ፣ የሱፍና የሐር ቁራጭ ከተትኩበት። ልጁ ሳያይ እጁን ይከትና፣ "ይሄ ይሻክራል፤ ኮት ነው!" ይላል። ሲሰለቸው እንዘፍናለን፤ ሲደክመው እናቱ ላይ ይተኛል፤ ሲነቃ ውኃ።

ሾፌሩ ያው ሰው ነበር። ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ። በየሁለት ሰዓቱ እንዲቆምልን ልለምነው አፌን ስከፍት፣ "አውቄያለሁ። ከዚያም በፊት ከቸገረው ትከሻዬን ንካኝ" አለኝ። ስለ ፊኛ አልቀለደም።

በየሁለት ሰዓቱ ቆመ። ልጁ ይወርድና አውቶቡሱን ሦስት ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ ስንቆም አንድ ጎልማሳ ምርር አለው።

"ኧረ ሾፌር! በዚህ ዓይነት መቼ ልንደርስ ነው?"

ሾፌሩ ወደ ኋላ አልዞረም። "አንድ ቀን በፍጥነት ነድቼ ነበር፣ ወንድሜ። ዛሬ እንዘገያለን" አለ።

እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

እናንተ ሆይ፣ በመንገድ ላይ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ሆነ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ቀስቅሱት፣ እዩት፣ አጠጡት። ያመመውን ልጅ ይዛችሁ አትነሡ። ቢያስመልሰው፣ ቢሸና፣ ቢጮህ ሰው ያጉረምርም፤ ጨርቅም ይቆሽሽ። ይህን የሚላችሁ ልብስ ሰፊ ነው።

ልንደርስ ስንል ልጁ፣ "አባዬ፣ ውኃ" አለኝ። በክዳኑ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ነጠረና ደረቱ ላይ ተደፋ። የምቆጣው መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። ደግሜ ቀዳሁለት። ያም ተደፋ። ሦስተኛውን ጠጣው።

እናቴ በሯ ላይ ተቀበለችን። አቅፋው ስታበቃ ደረቱን ዳሰሰችና፣ "ምነው? ልጁን ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የረጠበው?" አለች።

ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

"ጠጥቶ ነው፣ እማዬ" አለቻት።