የቀዩ ብርሃን ዜሮ

«ጻፊው አልኩሽ! ዜሮ ነጥብ ሁለት። ማን ያውቃል?» ኖኣም በሹክሹክታ ጮኸ።

የሙከራ አጋሩ ኦርያን እርሳሷን እንደያዘች ደረቀች። የባግሩት፣ የእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ፈተና ነው። ፈታኟ ኢላኒት ሁለት ጠረጴዛ ርቀው የሌሎችን ሥራ ያያሉ።

የሐምራዊው፣ የሰማያዊውና የአረንጓዴው ብርሃን ልኬቶች በሰላም አልፈዋል። ብርሃኑ የሙከራው ሳጥን ውስጥ ካለው ብረት ኤሌክትሮን ሲያስወጣ የመለኪያው መርፌ ይነሳል፤ ከዚያ ኤሌክትሮኖቹ ቆመው መርፌው ዜሮ ላይ እስኪተኛ ቮልቴጁን መጨመር፣ ማስቆሚያውን ቮልቴጅ መጻፍ። ቀዩን ማጣሪያ ልታነሳ ስትዞር ግን ክርኗ ሳጥኑን መታውና ወለሉ ላይ ዷ አለ።

ሮኬት በሚወድቅባት አሽቀሎን ውስጥ ዷ ሲል ሳጥን የሚያይ የለም። ክፍሉ በሙሉ፣ ፈታኟ ጭምር፣ ወደ መጠለያው በር ዞረ። ሳይረን እንዳልጮኸ እስኪያረጋግጡ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል። ያየው ኖኣም ብቻ ነው።

አሁን በቀዩ ብርሃን መርፌው አልነቃነቅ አለ። ኖኣም መብራቱን አስጠጋው። ወይ ፍንክች!

«ሰብረሽዋል።»

«ላይሆን ይችላል። የቀይ ድግግሞሽ ዝቅተኛ ነው። ከመነሻው ድግግሞሽ በታች ከሆነ የፈለግከውን ያህል ብታበራበት አንድም ኤሌክትሮን አይወጣም።»

«በ‹ላይሆን ይችላል› ነጥብ ይሰጣሉ እንዴ? ያላ፣ አኾቲ፣ በይ እህቴ፣ ቁጥር ጣል አድርጊና እንገላገል።» ኖኣም ፊዚክስን የሚያምነው ሲስማማው ብቻ ነው።

አረንጓዴውን ደግሞ መሞከር ይበቃ ነበር። መርፌው ከተነሳ ሳጥኑ ደህና ነው፤ የቀዩም ዜሮ እውነት ነው። ካልተነሳስ? ፈተናው ቀረ፣ የኖኣምም ጭምር። እናቷ ባይነሽ ከሥራ ተጠርታ ትመጣለች። ርእሰ መምህሩ የሚሉትን ዕብራይስጥ የሚተረጉምላት ደግሞ ማን ሆነና? ራሷ ኦርያን። «ልጅሽ ዕቃ ሰብራ ደበቀች» ብሎ በገዛ አፍ መተርጎም!

የኢላኒት ጫማ ቀረበ።

«እናንተስ? ቀዩ ስንት መጣ?»

ኖኣም ጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት።

«ሞራ...» አለች ኦርያን፤ በዕብራይስጥ «መምህርት» ማለቷ ነው። «ዜሮ ነው። ግን ቅድም ሳጥኑ ወድቋል። የጣልኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴውን ደግሜ ልየው?»

ፈታኟ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አይዋት። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ኖኣም ዓይኑን ጨፈነ። ኦርያን ቮልቴጁን ዜሮ ላይ መለሰች፤ አረንጓዴውን ማጣሪያ አስገባች፤ መርፌው ላይ እንዳፈጠጠች ማብሪያውን ተጫነች።