የሌላ ሰው ትንፋሽ

ቴክኒሻኑ የሳንባ ምርመራ ጣቢያው መጋዘን ውስጥ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ ጀርባ ሞቶ የተገኘው ቀትር ላይ ነው፤ ማጅራቱን ተመትቷል። መርማሪዋ ክንዱን ልታነሳ ሞከረች። እንደ ግንድ ደርቋል።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነበር» አለ ዶክተሩ። «የልጆቹን ሳንባ ከመለካቱ በፊት ማሽኑን በራሱ ትንፋሽ ይፈትሻል፤ የዛሬውም ሰዓቱ ተመዝግቧል። እኔ ከሁለት ተኩል ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው ሹፌሩ ጋ ነው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ማታ ማታ ቁልፉን እዚሁ ሰቅዬ ነው የምሄደው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ!» አለ ሹፌሩ።

«የልጆች ሳንባ ለምን ይለካል?» አለች መርማሪዋ።

«ለጥናቴ ነው። ተራራ ላይ ያደገ ልጅ አየሩ ስስ ስለሆነበት ሳንባው ኦክስጅንን ወደ ደም አብልጦ ማሳለፍ ይለምዳል፤ ማሽኑ ይህን በቁጥር ይለካል። እኔን ይዩኝ፤ የተራራ ልጅ ነኝ!» ዶክተሩ ደረቱን መታ መታ አደረገ።

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ የጣቢያውን አሮጊት ነርስ አገኘች። «ቴክኒሻኑ ትናንት ማታ ቤቱ ሳይገባ ሲቀር የፈለገው አልነበረም?»

«ማን ይፈልገዋል ልጄ? ምሳውን እንኳ ከማሽኑ ጋር ነው የሚበላው።»

«ዘመድህ ማሽኑ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር» አለ ተከትሏት የመጣው ሹፌር። «ልጆቹን ከየቤታቸው የማመጣው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ግን ‹አንተ ያላመጣሃቸውን ልጆች እኔ የት ለካኋቸው?› ብሎ ጮኸብኝ።»

መርማሪዋ ብቻዋን ተቀምጣ መዝገቡን አነበበች። የቴክኒሻኑ ሳንባ ልክ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ሃያ ስድስት። ሲያመው ሃያ አምስት። ከሰውየው የቀረው ይኸው ነው። የዛሬው ሠላሳ አራት ይላል።

ሦስቱንም ማሽኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ሬሳው የደረቀው ማታ ስለሞተ ነው። የሞተ ሰው አይነፋም። ጠዋት የነፋው ገዳዩ ነው፤ ሟቹ ያን ሰዓት በሕይወት እንደነበረ ለማስመሰል።»

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል» አለ ዶክተሩ።

«ነርሷም ማሽኑን ሊፈትሹ ከዚያ ቀጥለው ነፍተዋል፤ የወጣላቸው የወትሮው ሃያ አንድ ነው። እማማ፣ አሁንም ይንፉ።»

ሃያ አንድ። ሹፌሩ ነፋ፤ ሃያ አምስት።

«ተራው የእርስዎ ነው፣ የተራራው ልጅ።»

ዶክተሩ ቱቦውን አልተቀበለም።

«ያልመጡ ልጆችን የሳንባ ልክ ጥናትዎ ውስጥ ከጭንቅላትዎ ጻፉ። እሱ ደረሰበት። ማታ ቤቱ ባይገባ ጠያቂ እንደሌለው ያውቁ ነበር።»

«ያን መዝገብ ሰው ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም» አለ ዶክተሩ።

ፖሊሶች ዶክተሩን ወሰዱት። መርማሪዋ ቦርሳዋን አነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት ይደውሉልኝ።»

«ለምን ጉዳይ ልጄ?»

«ለምንም። መኖሬን ለማወቅ።»