ዞር ያላለው እንግዳ

ቺዙሩ ኮሄይን መጀመሪያ ያየችው የቤታቸውን ምሰሶ ሲያንኳኳ ነው።

«ጌታዬ፣ በሩ በዚህ በኩል ነው» አለችው፣ ሳቋን በእጇ ጋርዳ።

ኮሄይ ደነገጠ። የጉባኤ ባጅ አንገቱ ላይ ተገልብጦ ተንጠልጥሏል። «ይቅርታ... የእንጨቱን ዕድሜ በድምፁ እየለየሁ ነበር።»

ኪዮቶ የመጣው ከሰሜን፣ ከሆካይዶ ነው፤ ስለ ጥንታዊ የእንጨት ቤቶች ለሚመክር ጉባኤ። በአክስቷ በፉሳኤ የእንግዳ ማረፊያ ሦስት ቀን ሰነበተ። ሻይ ስታቀርብለት ስለ እንጨት ያወራታል። ቺዙሩ ስለ እንጨት እንዲህ ጓጉታ ሰምታ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሄደ። እሷና አክስቷ እንደ ከተማው ደንብ በር ላይ ቆመው ሸኙት። እንግዳ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ እጅ ይነሳል፤ ሸኚዎቹም ጎንበስ ይላሉ። ይህን ኪዮቶ ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ኮሄይ ዞር አላለም።

«ምን ዓይነቱ ነው!» አለች ፉሳኤ። «ምሰሶውን እንኳ ከእኛ በላይ አክብሮታል!»

ቺዙሩ አልሳቀችም። መንገዱ ባዶ ከሆነ በኋላም ቆማ ቀረች።

ለአዲስ ዓመት ካርድ ላከላት። በዓመቱም ደገመ። ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ አኖረቻቸው እንጂ መልስ አልጻፈችም። ልቡ እዚህ ቢቀር ኖሮ ዞር ባለ ነበር! ቢሆንም እንግዳ በሸኘች ቁጥር ዓይኗ ያንን መታጠፊያ ይፈልጋል...

በሦስተኛው ዓመት ጉባኤው ወደ ኪዮቶ ተመለሰ። ኮሄይም።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው። ሻዩን አስቀምጣ ልትወጣ ስትል፣

«ካርዶቼ አልደረሱሽም?» አላት።

«ደርሰውኛል።»

«ታዲያ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። ሲሄዱ ዞር ብለው አላዩንም። በቃ፣ ነገሩ ገባን።»

ኮሄይ ስኒውን አስቀመጠ።

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ባሕር ሲወጣ አንድም ቀን ዞሮ አይቶን አያውቅም። ዞሮ የሚያይ የሚሰናበት ሰው ነው ይለናል፤ የሚመለስ ሰው ለምን ይሰናበታል? ያን ቀን መታጠፊያው ጋ ስደርስ አንገቴ እንዴት እንደታገለኝ!... ግን መመለስ ፈለግሁ፣ ቺዙሩ።»

እንባዋ ቀደማት። «ታዲያ ይህን ካርዱ ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት? ‹ጤናሽን ተመኘሁ› ብቻ! ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ፈራሁ... አሁን ግን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሊሰጡኝ ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ። እሺ ልበላቸው?»

«ለምሰሶው ብለው ነው?»

«ምሰሶውን ጨርሼዋለሁ።»

 ቺዙሩ ሻዩን እንደገና ቀዳችለት።

«እሺ በላቸው።»

በሄደበት ጠዋት ኮሄይ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣቸው፣ ወደ ባዶው መንገድ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«ኧረ ለማን ነው? ለግድግዳው?» አለች ፉሳኤ።

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ መለሰች። «ለእኔ ነው፣ አክስቴ።»

በሚያዝያ፣ የቼሪው አበባ ረግፎ ሳያልቅ፣ አንድ ሰው ከውጭ አንኳኳ። ያንኳኳው በሩን አልነበረም።

ቺዙሩ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጠች።