ያልጠበቀው ማሰሪያ

መኪናዋ አሁንም ታስላለች። መካኒኩ ሰይፈሥላሴ ቤንዚን ሲሰጣት ድምፇ ከፍ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ትንፋሽ ያጥራታል። ልጁ ፋሲካ ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ከጎን ቆማ ታዳምጣለች። ጋራዡ አየር ጤና፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ነው፤ ቤታቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ። በመፍቻ መሃል ያደገች ልጅ ስለሆነች ሞተር በድምፁ ትለያለች። አሁን ግን ድምፁ ጆሮዋ ይገባል እንጂ ውስጧ አይደርስም። እናቷ አልማዜ ከሞተች ወዲህ ሁሉም ነገር እንደዚያ ነው። ምግብ ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይኬዳል፣ ጥቁሩ ሻርፕ ይታጠባል፤ እንባ ብቻ የለም። ጎረቤቶች «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያሉ ሶፍት ሲያስጨብጧት ሁሉንም ኪሷ ውስጥ ስትከት ነበር የከረመችው። አሁንም እዚያው ነው።

መኪናዋ የአቶ አምሐ ናት፤ በለቅሶው ሰሞን ከዚሁ ጋራዥ ተጠግና የወጣች። አሮጌ ብትሆንም ሱፐርቻርጀር አላት፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። በደህናው ጊዜ ዳገት አይበግራትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ኮልፌ ዳገቱን አልወጣ ብላ፣ አቶ አምሐ እያስጎተቱ አምጥተዋት ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የመመርመሪያው ኮምፒውተር የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል። ሰይፈሥላሴ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቶ ሲያያቸው ጫፋቸው ነጭ ሆኗል። ቤንዚን የጠማው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፤ በዚሁ ከቀጠለ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። የነዳጅ ፓምፑን ለካ፣ ደህና ነው። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ያው ነው። በአየሩ በኩል ማየት ነበረበት፤ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወረና መህዲን ጠራው።

መህዲ የጋራዡ ሠራተኛ ነው። በለቅሶው ሰሞን ሥራውን ብቻውን የያዘው፣ ድንኳኑ ሲተከል ምሰሶ ያቆመው፣ ለለቀስተኛው ውሃ የቀዳው እሱ ነው። ሰይፈሥላሴ ግን ከሐዘኑ ወዲህ ትዕግሥት የለውም። መኪናዋን ያስረከብከው አንተ ነህ፣ ሳትፈትሽ ነው የሰጠኸው፣ ሞተሩ ቢቀልጥ ለሰውዬው ምን ልለው ነው አለው። መህዲ አንገቱን ደፋ።

«ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አለ ሰይፈሥላሴ፣ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ።

ፋሲካ መህዲን ተከትላ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀችው። ቱታውን እያወለቀ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«አቦ ተይው ፋሲ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይናገራል እንጂ አይመለስለትም።»

ቦርሳዋን አወረደችና ወደ መኪናዋ ሄዳ ሞተሩን አስነሳች። ከኪሷ ሶፍት አውጥታ በቀጭኑ ቀደደች። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው፣ ከእሷ ጋር ብዙ ያወራ በነበረበት ጊዜ። ወደ ሱፐርቻርጀሩ አየር በሚወስደው ወፍራም ቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ ቀስ እያለች አስጠጋችው። የመጀመሪያው ላይ ሶፍቱ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ላይ ጫፉ ተሳበና ቱቦው ላይ ልጥፍ አለ። የሞተሩ መለኪያ ሳያውቀው በዚህ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ቱቦውን የሚይዘውን የብረት ማሰሪያ በጣቷ ስትነካው ዞረ። ከመጀመሪያውም አልጠበቀም ነበር።

እንዴት እንዳልጠበቀ ታውቃለች። እናቷ የሞተች ዕለት አባቷ ሆስፒታል ነበር፣ መህዲ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ቱቦውን አስገብታ የማሰሪያውን ብሎን ማዞር ስትጀምር ስልኳ ጠራ። ከዚያ በኋላ ካቻቢቴውን የት እንደጣለችው አታስታውስም። የዕድር ሰዎች መጡ፤ ለድንኳኑ ቦታ ሲጠብባቸው ኮፈኑን ዘግተው መኪናዋን ወደ መንገዱ ገፏት። አቶ አምሐ ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ውጭ ቆማ አገኟት። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ መኪና የሚጠይቅ ሰው የለም። መህዲም ፋሲካን መጠየቅ ከብዶት፣ ሥራው አልቋል ብሎ ቁልፉን ሰጣቸው። ቱቦው ለጊዜው ያዘ፤ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ቀስ በቀስ ተላቀቀ።

ካቻቢቴው እግሯ ሥር ወድቋል። ብሎኑን ትንሽ ብታዞረው ሞተሩ ይስተካከላል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። መህዲ ግን ይሄዳል። እንዳይሄድ ደግሞ ያችን ሰዓት ለአባቷ ማንሳት አለባት። በሩን ዝጊ፣ ጨው አቀብለኝ ከመባባል በቀር አያወሩም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልማዜን በስሟ የጠራ የለም። ፋሲካ ፈራች። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ፍርሃት ነበር።

«አባዬ» ብላ ተጣራች። «መህዲ፣ አንተም አንዴ ቆይ።»

አባቷ ፎጣ እንደያዘ ወጣ። መህዲ ቱታውን በፌስታል ይዞ በሩ ጋ ደርሶ ነበር፤ ተመለሰ። ፋሲካ ሶፍቱን እንደገና ወደ መጋጠሚያው አስጠጋችው። ልጥፍ አለ።

«እኔ ነኝ የገጠምኩት» አለች። «ሳላጠብቀው ደወልክልኝ። ስለ እማዬ።»

ሰይፈሥላሴ ሶፍቱን አየ። ከዚያ እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው። ግቢው ጸጥ ሲል የታክሲ ረዳቶቹ ጥሪ ከውጭ ይሰማ ጀመር።

«እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም» አለ። «አልማዜ...» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው።

ወደ መህዲ ሄደ። ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለና ቱታውን አውጥቶ ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቀረ።

ፋሲካ ካቻቢቴውን አንስታ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀችው። ከዚያ ኪሷ ውስጥ የቀረውን ሶፍት በሙሉ አውጥታ ለአባቷ አቀበለችው።